የቀርከሃው ጫካ ቋጠሮ

የልጅ ልጄ ሰላም የእርሻዬ ድንበር አቤቱታ እስከ መቼ እንደሚቀርብ ከስልኳ ልታነብልኝ ተቀመጠች። ሰማያዊ ቃል በነካች ቁጥር ሌላ ገጽ ይከፈታል፤ ከዚያም ሌላ። «እማማ፣ ከየት እንደጀመርን ጠፋኝ» አለች።

እኔም ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ ከእንጅባራ በላይ ባለው የቀርከሃ ጫካ ውስጥ እንዲሁ ሆኜ ነበር። አክስቴ ቀርከሃ ልትቆርጥ ስትገባ፣ መንገድ በተከፈለ ቁጥር የሄደችበትን ለማወቅ ሣር ትቋጥራለች። ያን ቀን እኔ ደግሞ የረዳኋት መስሎኝ፣ ከኋላዋ ሆኜ የሌላውንም መንገድ ሣር ቋጠርሁ። ስንመለስ ሁሉም መንገድ የኛ መሰለ። ብንሄድ ቀርከሃ፣ ብንዞር ቀርከሃ፤ ሰማይ አይታይም፣ እርጥብ ቅጠል ብቻ ይሸታል።

«አንቺ ነሽ የቋጠርሽው?» አለች አክስቴ።

«እኔ ነኝ። አንቺስ መች ነገርሽኝ? ጥፋቱ የሁለታችን ነው!»

«ምላስሽ ይቆረጥ! ሁሉ ከተቋጠረ የቱ ይመራናል?»

ያኔ አልገባኝም። እንጨት ቆራጮች ጩኸታችንን ሰምተው እስኪያወጡን ድረስ አለቀስሁ።

ሰላም ጣቷን ወደ ሌላ ሰማያዊ ቃል ስትሰድ እጇን ያዝሁ። ነገ ቀበሌ ሄጄ «የአቤቱታውን የመጨረሻ ቀን በአንዲት ወረቀት ጻፉልኝ» እላለሁ። እስኪጽፉልኝ ከቢሯቸው ወንበር አልነሳም።