በመጨረሻው ኢኒንግ የመጣ ሰባኪ

ዛሬ ጋሼ ወርቁ ቤት ቤዝቦል እያየን፣ የቶሮንቶው ቡድናችን እኩል ለእኩል ሆኖ ኢኒንግ የሚሉት የመጨረሻው ዙር ላይ፣ አንድ የቸርቻችን ልጅ ጋሼን "ማተብዎን በጥሰው ጌታን ይቀበሉ" አላቸው።

ልጁ እኔን ለኳየር ልምምድ ሊወስደኝ ነበር የመጣው። የምገባበት ጠፋኝ።

ጋሼ ዓይናቸውን ከቲቪው ሳይነቅሉ "ልጄ፣ ይህን ቡድን ዘንድሮ ያሸንፋል እያልኩ ስንት ዓመት ጠብቄያለሁ። በእምነት እኔ አልታማም" አሉት።

ዘንድሮም እንደለመደብን ወዲያው ተሸነፍን።

ካልጋሪ እንደመጣሁ፣ ለነዳጁ ሥራ የጎረፈው ሰው የሚከራየውን ቤዝመንት ሁሉ ይዞት ማደሪያ ሲጠፋ፣ ሞንተሬይ ፓርክ ሰፈር ቤታቸው ያስጠጉኝ ጋሼ ወርቁና ባለቤታቸው ናቸው። ቤዝቦልም ያስለመዱኝ ጋሼ ናቸው።

ያኔ ጨዋታው ሲጨንቀን እሳቸው ያማትባሉ፣ እኔ "በኢየሱስ ስም" እላለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም አሜን። ስንሸነፍ የማን ጸሎት ነው ያልሠራው ተባብለን አናውቅም።

አሁን እሳቸውንም ከራሳቸው ወገን "ጴንጤ ቤትዎ አያስገቡ" የሚላቸው አለ። የሁለቱም ወገን ሰባኪዎች ቢገናኙ በደንብ የሚግባቡ ይመስለኛል።

ፍልሰታ ስለሆነ የምስር ሳምቡሳ ቀረበ። ጋሼ ለዚያው ልጅ "በል አንተ ባርክልን" አሉት።

ረጅም ጸለየ። ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው እስኪጨርስ ጠበቁትና ከሁላችንም ጮክ ብለው አሜን አሉ።

እናንተስ? የሌላ እምነት ሰው ሆኖ ከልቡ አሜን ያለላችሁ ማን ነው? እስኪ ጻፉልኝ። ከዚያ በፊት ግን ደውሉለት።