ጀማል ሳይጨርሰው የሄደው ግራ እግር

ጠዋት የጀማል ወንድም ደውሎ «ኢና ሊላሂ» ሲለኝ በስህተት የተደወለ መስሎኝ ዘጋሁበት። መልሶ ደወለ። ጀማል ንጋት ላይ ደረቱን አሞት፣ ጎባ ሆስፒታል ሳይደርስ መንገድ ላይ አረፈ።

እስካሁን አላመንኩም። ትናንት ከሥራ አብረን ነው የወጣነው እኮ። ደህና ነበር።

ለማታውቁት ልንገራችሁ። እዚህ ሮቤ እግራቸው ለተጎዳ ሰዎች ጫማ ውስጥ የሚገባ ሶል የምንሠራበት ትንሽ ክፍል አለን። ጀማል የሰዉን እግር ስካን ያደርግና የሶሉን ቅርጽ ኮምፒውተር ላይ ያወጣል፤ እኔ በማሽን ቆርጬ፣ ሞርጄ አስረክባለሁ።

እኔ ደግሞ ችኩል ነኝ፣ ታውቁኛላችሁ። «አልጨረስክም?» ስለው ዞር እንኳ ሳይል በኦሮምኛ «ሱታ» ብሎ «ቀስ በይ። ሶሉ ላይ የምንቆመው እኛ አይደለንም» ይለኛል። በዚህ ነገሩ ስንት ጊዜ አናዶኛል።

አዴ ዘይነባ የሚባሉ እናት አሉ፣ ከሃረና በኩል የሚመጡ። ስኳር አለባቸው። ግራ አውራ ጣታቸው ሥር ወጥቶ የነበረው ቁስል በመከራ ነው የደረቀው፤ እንደገና ከተከፈተ እግሩ ይቆረጣል ተብለዋል።

መጀመሪያ ሲመጡ ከተማ ነው ብለው የልጃቸውን የበዓል ጫማ ተጫምተው ነበር። ጀማል በዚያ ጫማ ልክ ሠራ፣ እኔም ቆረጥኩ። ከዚያ ገበያ ላይ በሰፊ ቦት ጫማ ጭቃውን ሲያቋርጡ አያቸው። እየሮጠ መጣና «ሶሉ ቦቱ ውስጥ ይንሸራተታል፤ ቁስሉ እንዳይጫን ያጎደጎድኩት ቦታ ከቁስሉ ሥር ይሸሻል» ብሎ የለፋንበትን ጣለው። ተጣላን። ድምፄ ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር። እሱ ፋይሉን ከፍቶ እንደ አዲስ ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ ለመጣ ሁሉ «የዘወትር ጫማዎን ይዘው ይምጡ» ይላል። ሰዉ ግን ጭቃ የነካው ጫማ ቢሮ ይዞ መግባት ያፍራል፣ በፌስታል ጠቅልሎ በር ላይ ይተወዋል። ጀማል ወጥቶ ያነሳውና ቦቱን ከነጭቃው ጠረጴዛው ላይ፣ ከኮምፒውተሩ ጎን ያኖረዋል። እናቶቹ በሀፍረት ሲስቁ እሱም ይስቃል።

ያ እንደ አዲስ የሠራው ሶል አዴ ዘይነባን ደህና አድርጎ አቆማቸው። አሁን ግን ተበልቶ አለቀ፤ ቁስሉ የነበረበት ቦታም መቅላት ጀምሯል። ጀማል ሰሞኑን አዲሱን እየሠራ ነበር። ትናንት ስንወጣ «የአዴን ገና እንዳትቆርጪ፣ ጠዋት አየዋለሁ» አለኝ።

ዛሬ ስልኩን እንደያዝኩ ተቀምጬ ሳለ አዴ ገቡ። ሶላቸውን ሊወስዱ ነው የመጡት። አልሰሙም ነበር። ነገርኳቸው። በኦሮምኛ እየጠሩት አለቀሱ። ከዚያ ቀስ ብለው «ታዲያ እግሬስ፣ ልጄ?» አሉኝ። ወዲያው አፋቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። «አላህ ይቅር ይበለኝ፣ እሱ ሞቶ እኔ ስለ እግሬ እጠይቃለሁ።»

የአዲሱን ሶል ፋይል ከፈትኩት። ያለቀ ይመስላል። አንዴ ብጫነው ማሽኑ ይቆርጠዋል፣ እሳቸውም ይዘውት ይሄዳሉ። አጉልቼ ሳየው ግን ከቁስሉ ሥር ያጎደጎደው ቦታ ጠርዙ ገና ስለታም ነው፣ አላለሰለሰውም። እንዲህ ቢቆረጥ ጠርዙ ራሱ ሌላ ቁስል ያወጣል። ቅርጹን ነክቼው አላውቅም፣ የእሱ ሥራ ነው። ማሽኑን አጠፋሁት።

«ዛሬ አልሰጥዎትም። እዚሁ ሮቤ እህትዎ ቤት ይሰንብቱ፣ በዚህ እግር እንዳይረግጡ» አልኳቸው። እሳቸው ለቅሶ ቤት በእግሬ እሄዳለሁ ብለው ተነሱ። ከለከልኳቸው። ተቆጡኝ፣ እኔም ተቆጣሁ። ሁለታችንም እያለቀስን ባጃጅ ውስጥ ገባን።

ጀማል፣ ደጅህ ስንደርስ ጎረቤቶችህ አዴን በወንበር ተሸክመው አስገቧቸው። ግራ እግራቸው መሬት አልነካም። ነገ ጠርዙን ማለስለስ እኔ እጀምራለሁ። ብሳሳት የሚያርመኝ የለም፣ በጣም ፈርቻለሁ።

ደህና ሁን ወንድሜ። አደራ ለማለት እንኳ ጊዜ አላገኘህም። እኔ ግን ተቀብያለሁ።