ሰብሳቢዋ ቀድማ እጇን ያወጣች ዕለት

የዩኒቨርሲቲያችን የጥራት ማረጋገጫ ኮሚቴ አባል የሆንኩት ስለ ጥራት የማውቀው ኖሮኝ አይደለም፤ ሰው ስላለቀ ነው። በፈረንጆቹ 2016 ሐምሌ ላይ ጁባ ውስጥ ውጊያው ሲነሳ ከኮሚቴው አባላት አንዱ ቤተሰቡን ይዞ ወደ ኡጋንዳ ሸሸ፣ ሌላው የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላወቅንም፣ ሰብሳቢው ደግሞ በገዛ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተገደለ። እኔ ያን ሰሞን ሀይ ጀላባ በሚባለው ሰፈር፣ ከአጎቴ ምግብ ቤት ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ፣ መስኮቱ ላይ የዱቄት ጆንያ ደርድሬ ወለል ላይ ተኝቼ ነበር። አንዱ ጆንያ በጥይት ተበስቶ ዱቄቱ ጭንቅላቴ ላይ ፈሰሰ።

ተኩሱ ሲበርድ የዩኒቨርሲቲው ምክትል ፕሬዚዳንት አስጠራኝና «ኮሚቴው ውስጥ አስገብቼሃለሁ» አለኝ። የስታትስቲክስ አስተማሪ ነኝ፣ ሌላ ነገር አላውቅም ብዬ ላመልጥ ሞከርኩ። «ኢትዮጵያዊ ነህ፤ እዚህ አገር ጎሳ የለህም፤ ማንም አይጠረጥርህም» አለ። እሱ እንደ ሙገሳ ነው የነገረኝ። ለእኔ የገባኝ ግን ሌላ ነው፤ ጎሳ የሌለው ሰው ቢገደል ደሙን የሚመልስለትም የለውም። እንዲያም ሆኖ እሺ አልኩ፤ እምቢ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ አያሳድስም።

አዲሷ ሰብሳቢ የሕብረተሰብ ጤና መምህርት ናት። እዚሁ ደቡብ ሱዳን ተወልዳ፣ በልጅነቷ በጦርነት ተሰዳ፣ ጋምቤላ አድጋ፣ አዲስ አበባ ተምራ የተመለሰች ናት። አማርኛዋ የእኔን ያሳፍራል። መጀመሪያ አካባቢ አንቱ አልኳት። «አንቱ የምባልበት ዕድሜ ላይ ስደርስ እነግርሃለሁ» አለችኝ፤ ስለዚህ አንቺ ሆነች። ረጅም ናት፣ ድምፀ ጎርናና፣ ቁጣዋ ከፊቷ የሚቀድም።

በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አምስት ሆነን ተቀመጥን። እሷና እኔ፣ አንድ ዝምተኛ የግብርና መምህር፣ አንድ ወጣት የሕግ መምህር፣ አንዲት የሬጅስትራር ኃላፊ። ከእኔ በቀር ሁሉም በሐምሌው ውጊያ ዘመድ የሞተባቸው ናቸው፤ ዘመዶቻቸውን የገደሉት ደግሞ የሌላኛው ዘመዶች ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አያነሳውም። የሕግ መምህሩ ድምፅ በምስጢር ይሰጥ ብሎ ጠየቀ። «ባለፈው ሐምሌ በየቤቱ እየገባ የተኮሰውም እኮ ፊቱን ሸፍኖ ነው» አለች ሰብሳቢዋ። «እኛ ፊታችን እየታየ፣ በእጃችን ነው የምንወስነው። የእኔ እጅ የመጨረሻው ነው። አለቃ ቀድሞ ከተናገረ ሌላው ሰው አጨብጫቢ ነው የሚሆነው።» ይህቺ የመጨረሻዋ ሕግ ገዛችኝ። በኖርኩበት አገር ሁሉ ሰብሳቢ የሚባል ፍጡር መጀመሪያ ተናግሮ «ተቃውሞ አለ?» ሲል ነው የማውቀው።

መከራችን የመጣው በአዋላጅ ነርስነት ፕሮግራም በኩል ነው። ተማሪዎቹ ሊመረቁ ተቃርበው ነበር፤ ኮሚቴው ሳያጸድቅ ግን መመረቅ አይችሉም። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ለስላሳ፣ ሽቶ የሚቀባ፣ ታናሽ ወንድሙ ኮሎኔል የሆነ ሰውዬ ነው። ክፍል ገብተን ስናይ ሰብሳቢያችን እጅጌዋን ሰበሰበችና ከፊት የተቀመጠች፣ ግንባሯ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ ያለባትን ተማሪ ጠርታ «ደም ግፊቴን ለኪልኝ» አለቻት። ልጅቷ መለኪያውን ጠመጠመች፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ሰካች፣ ከዚያ ግን ሌላውን ጫፍ የት እንደምታሳርፍ ጠፋት። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። ከመካከላቸው ምጥ ላይ ያለች ሴት በዓይኗ ያየች የለችም።

ኃላፊው ፈገግ ብሎ «ልምምዱ ሸሪካት ሰፈር ባለው ክሊኒካችን ነው የሚሰጠው» አለ። «እንግዲያው እናየዋለን» አለች ሰብሳቢያችን።

በማግስቱ የነጭ ዓባይን ድልድይ ተሻግረን ሸሪካት ሄድን። ክሊኒኩ አለ፤ ምልክቱም ላዩ ላይ ተሰቅሏል። ውስጡ የሚኖሩት ግን ወታደሮች ናቸው። በማዋለጃው አልጋ ላይ ፍየል አጋድመው እየገፈፉ አገኘናቸው፤ ደሙ በአልጋው እግር እየወረደ ወለሉ ላይ ረግቷል። አንዱ ገና ጠዋቱን የሰከረ ነው። ሰብሳቢያችን «ይህ የሴቶች አልጋ ነው» ስትለው ክላሹን አንስቶ እግራችን ሥር ያለውን መሬት በጥይት አረሰው። የግብርናው መምህር በደረቱ ተደፋ። እኔ መኪናው ጀርባ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። እሷ ብቻ ቆማ ቀረች፤ ወታደሩ ተጠግቶ በጥፊ አጮላት። ድምፁ ከጥይቱ ይልቅ እኔን አሳመመኝ። የፊት መስታወታችንን በሰደፍ ካደቀቀው በኋላ ለቀቀን።

ስንመለስ ነፋሱ በተሰበረው መስታወት እየገባ ፊታችንን ይገርፈው ነበር። ጉንጯ አብጧል። «እነዚህን ልጆች አዋላጅ ብለን ወደየመንደሩ ከላክን» አለችኝ በአማርኛ፣ «ሴቶቻችንን ለመግደል ጠመንጃ አያስፈልግም።» ከዚያ ወዲያ በዚህ ነገር ላይ እጄ ምን እንደሚል ለራሴ ነግሬው ጨረስኩ።

ዛቻው አልዘገየም። አንድ ጠዋት ሁለት ጎረምሶች አጎቴ ምግብ ቤት ገብተው ሻይ አዘዙ፤ ጠጥተው ሲያበቁ ወንበር አንስተው የብርጭቆ መደርደሪያውን አደቀቁት። ላስቆም ስገባ አንዱ አንገቴን አንቆ ግድግዳው ላይ አጣበቀኝ። «ያ ሀበሻ፣ አንተ፣ ለሴትዮዋ ንገራት፤ ኸላስ፣ በቃ፣ ትፈርም» አለኝ አረብኛ እየቀላቀለ። ሲሄዱ ሆዴን በርግጫ መቱኝና ወለሉ ላይ ስታጠፍ አጎቴ ከኩሽና ወጣ። አጎቴ ተቆጥቶም ቢሆን ቀልድ አይጠፋው። «ልጄ፣ ጥራት ጥራት ትላለህ፤ እኛ እዚህ የመጣነው ሽሮ ልንሸጥ ነው» አለኝ የተሰበረ ብርጭቆ እየጠረገ። ቀጥሎ ግን ድምፁ ተለወጠ፤ «ውጣ ከዚህ ኮሚቴ። ሬሳህን ይዤ ወደ እናትህ አልሄድም።» አልወጣሁም። እውነት ለመናገር ንዴቱ ፍርሃቱን በልጦብኝ ነበር፤ የማንም ዋልጌ ሻዬን ጠጥቶ እጄን ሊያዝዝ ነው እንዴ?

የውሳኔው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው የተሰበሰብነው። ሙቀቱ ያፍናል፣ ጄኔሬተሩ ጠፍቷል። አጀንዳው እንደተነበበ በሩ ተበርግዶ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ከኮሎኔል ወንድሙና ከሁለት ወታደሮች ጋር ገባ። ኮሎኔሉ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ቀጥሉ፤ ደንባችሁ ታዛቢ ይፈቅዳል አሉ» አለ በእንግሊዝኛ። ሰብሳቢዋ «ታዛቢ መሣሪያ ይዞ አይገባም» አለችው። «እጃችሁን ስታወጡ ማየት ብቻ ነው የምፈልገው» አለ፤ ከዚያም እያንዳንዳችንን በዓይኑ ለቃቀመን። አንደኛው ወታደር በሩን ዘግቶ ተደገፈው።

የሁላችንም እጅ ጠረጴዛው ሥር ነው። የግብርናው መምህር ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ የሚጸልይ ይመስለኛል። እሱ በመርሑ ዝም አይነቅዝም የሚል ሰው ነው፤ እዚህ ግን ዝምታ የሚባል ምርጫ አልነበረም። የሬጅስትራር ኃላፊዋ ትንሽ ሕፃን ያላት ናት፤ ጡቷ ወተት አፍስሶ ሸሚዟን አርሶታል፣ እሷ ግን አላስተዋለችውም። የሕግ መምህሩ ከኮሎኔሉ ጎሳ ነው፤ እምቢ ቢል ከሁላችን በፊት የሚሞተው እሱ ነው።  በደንቡ መሠረት ድምፅ መስጠት የሚጀምረው ከአዲስ አባል ነው፤ አዲሱ እኔ ነኝ። አላጸድቅም ለማለት ቀኝ እጄን ከጉልበቴ ላይ ማንሳት ጀመርኩ።

ሰብሳቢዋ አየችኝ። ሁላችንንም በየተራ አየችን። ከዚያ ያን ረጅም ክንዷን እስከ ላይ ዘረጋችው።

«ፕሮግራሙን አላጸድቅም» አለች። «ሰብሳቢዋ ወስናለች። የእናንተ ድምፅ አያስፈልግም። ስብሰባው ተዘግቷል።»

 እንዲህ ያለ ደንብ የለም። ሰብሳቢ ብቻዋን አትወስንም፣ ቀድማም እጇን አታወጣም፤ ሕጉን ያወጣችው ደግሞ ራሷ ናት። ይህን የምናውቀው ግን አምስታችን ብቻ ነን። ኮሎኔሉ ባደገበት ዓለም አለቃ ከተናገረ ነገር አለቀ፤ ስለዚህ አመናት። ከእሷ ሌላ ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም። ጠላቱ አንድ ሰው ሆነ።

በአገጩ ምልክት ሰጠ። አንዱ ወታደር ያንኑ ገና ያልወረደ ክንዷን በሰደፍ መታው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት፤ የደረቀ እንጨት ጉልበት ላይ ሲሰበር እንደሚጮኸው ነው የጮኸው። ጎንበስ ስትል ፊቷን ደገማት። ዘልዬ ተነሳሁ፤ ጠረጴዛውን ሳልሻገር ሌላው በጫማው ደረቴን መትቶ ወንበሮቹ ላይ ገለበጠኝ፣ ከዚያም ተደፍቼ እያለሁ አፌን ረገጠው። ጥርሴን ከደሙ ጋር ተፋሁት። የሬጅስትራር ኃላፊዋ ትጮኻለች። ሰብሳቢዋ ግን ድምፅ አላሰማችም፤ ወለሉ ላይ ሆና እንኳ ኮሎኔሉን ትክ ብላ ታየዋለች። ይህ ሳያበሳጨው አልቀረም፤ ሆዷን ራሱ ረገጠው። ሽጉጡን አንስቶ ወጣ። ወንድሙ ሽቶው ብቻ ቀርቶ ተከተለው።

ፈሪው ምክትል ፕሬዚዳንት ሰው በግቢው ውስጥ መደብደቡ አሳፈረው መሰል፣ ያን ዕለት ማታ ውሳኔዋን አጸናው። በማግስቱ ጠዋት ለተማሪዎቹ ምረቃው መቅረቱ ተነገራቸው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ፤ ዋናው ሰውዬ ወንድሙ ቤት ተደላድሎ ሲቀመጥ ልጆቹ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተቀምጠው ደረታቸውን መቱ።

እኔ ያን ጠዋት ሆስፒታል፣ አልጋዋ አጠገብ ነበርኩ። ቀኝ ክንዷ በእንጨት ታስሯል፤ ፊቷ ስላበጠ ግራ ዓይኗ የለም ማለት ይቻላል። ደም ከውስጥ እየፈሰሳት ነው ተብሎ ግሉኮስ ቶሎ ይሰካላት አለ ሐኪሙ። ነርሶቹ ግን ግማሾቹ ከሐምሌው ወዲህ ጥለው ሄደዋል፣ የቀሩት ለሌሊቱ ቁስለኞች አልበቁም። ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ተጣርቶ የሚረዳ ሰው ይግባ ሲል መጋረጃውን ገልጣ የገባችው ያቺ ግንባሯ ላይ ጠባሳ ያለባት ተማሪ ናት። ዓይኗ በልቅሶ ቀልቷል። አልጋው ላይ ያለችው ማን እንደሆነች ስታይ ባለችበት ደረቀች።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት።

«ነርስ ስለሌለ ፈቃደኛ ሆኜ ነው የመጣሁት» አለች። ቀጥላም ወደ ሰብሳቢዋ ዞራ «ዛሬ ነው ምረቃው ቀረ የተባልነው። በአንቺ ምክንያት» አለቻት። ሰብሳቢዋ በሚያየው ዓይኗ አይታት ግራ ክንዷን ዘረጋችላት።

ልጅቷ የሰብሳቢዋን ክንድ በላስቲክ አሰረች፣ መርፌውን አስገባች፣ ደም ስሩን ሳተችው። አወጣችው። ደሙ አንሶላው ላይ ተንጠባጠበ። እንደገና ወጋች፣ እንደገና ሳተች። እጇ ሲንቀጠቀጥ አልጋው አብሮ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ በላይ መታገስ አልቻልኩም። ከትናንት ጀምሮ ያልጮህኩት ጩኸት ሁሉ በዚህች ምስኪን ላይ ወጣ። «ዶክተር! ይቺን ከዚህ አስወጡልኝ! ልትገድላት ነው!»

«አንተ፣ ዝም በል» አለችኝ ሰብሳቢዋ በአማርኛ። መንጋጋዋ ስለተጎዳ ቃሉ በጥርሷ መካከል ነው የሚወጣው። «ሐኪሙ ከአጠገቤ አለ። ይህን ያህል ጊዜ ያስተማራት ሰው አልነበረም።»

ልጅቷ መርፌውን ትሪው ላይ ጥላ ፊቷን ሸፈነች። «አልችልም» አለች። ሰብሳቢዋ የተወጋ ክንዷን ከአልጋው ላይ አንስታ፣ ደሙ እየወረደ፣ የልጅቷን እጅ ከፊቷ ላይ አወረደችው። ከዚያ ክንዷን መልሳ ዘርግታ የክርኗን መታጠፊያ በዓይኗ አመለከተቻት፤ ልጅቷ ጣቷን ደም ስሩ ላይ አሳረፈች።

«ይታወቅሻል? ስትጫኚው የሚነጥር ነገር አለ፣ እሱ ነው። እኔ አልጮህብሽም። የምትወልደዋ ሴት ግን ትጮኻለች፤ ያኔ እጅሽ እንዳይንቀጠቀጥ። በይ፣ እንደገና ውጊኝ።»