ከጉልበቴና ከወገቤ በስተቀር

ተመዝግቦ እንዲቀር የምፈልገው በደል ይህ ነው፤ ስለ ሕመሜ እውነቱን በመናገሬ የጉዞ ዋስትናዬ ተሸረፈ፤ ታናሽ እኅቴ የስኳር ሕመሟን በመደበቋ ሙሉ ዋስትና ተሰጣት። ሁለታችንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ወንበር ላይ ተራ በተራ ተቀምጠን፣ ለአንድ ሰው ነው ቃላችንን የሰጠነው።

ነገሩን ያመጣችው ልጄ ናት። አቴንስ ከተማ አረጋውያንን እየተንከባከበች ትኖራለች። አንድ ቀን ደወለችና «እማዬ፣ አንቺንና አክስቴን ስምንት ቀን በመርከብ ላዞራችሁ ነው» አለችኝ።

«ባሕር ምን ያደርግልኛል?» አልኋት። ጣናን እንኳ ከዳር ሆኜ ነው የማየው።

«መርከቡ እኮ ፍጥሞ ደሴት ላይ ይቆማል።»

ወንጌላዊው ዮሐንስ ተግዞ ራእይ ያየባትን ደሴት ስሟን ከልጅነቴ ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን እሰማለሁ። ሰው በእግሩ ሊረግጣት ይችላል ብዬ ግን አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። «መቼ ነው የምንነሣው?» አልሁ። ልጄ ከት ብላ ሳቀች።

ከሳቋ በኋላ አንድ ነገር ጨመረች። መርከቡ የሕክምና ሽፋን ያለው ዋስትና ያልያዘ ሰው አያሳፍርም። «እዚያው ደብረ ታቦር የሚያዋውል ሰው አለ፤ ሄዳችሁ ጠይቁ። እኔ ከዚህ ብገዛው ምን እንደያዛችሁ አታውቁትም» አለች። ልክ ናት። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ግን ያላነበብሁትን አልፈርምም፤ ቀስ ብዬ ካነበብሁት ደግሞ የማይገባኝ ወረቀት ጥቂት ነው።

የኢንሹራንስ ወኪሉ ቢሮ ከመድኃኒት ቤት በላይ ፎቅ ላይ ነው። ጎልማሳ፣ ሰው አክባሪ ሰው ነው፤ ከወንበሩ ተነሥቶ ተቀበለን። ሦስት ዓይነት ውል ጠረጴዛው ላይ ዘረጋልን። አንደኛው ሻንጣ ቢጠፋ ወይም ጉዞው ቢሰረዝ ነው። ሁለተኛው የሐኪም ወጪን ይጨምራል። ሦስተኛው በባሕር መካከል የታመመን ሰው ከመርከቡ አንሥቶ የብስ ላይ ወዳለ ሆስፒታል ያደርሳል።

«በምን ነው የሚያነሡት?» አልሁት።

«በሄሊኮፕተር፣ እማማ።»

«ይኸማ ቃሬዛ ነው!»

እኅቴ በነጠላዋ አፏን ይዛ ሳቀች። እኔ ግን የምሬን ነበር። የተወለድንበት ቀበሌ ከአንበሳሜ መንገድ ገባ ብሎ፣ መኪና የማይደርስበት ነው። ሰው ሲጠናበት ጡሩንባ ይነፋል፤ ወንዶቹ ቃሬዛ ይዘው ይመጣሉ፤ በአራት በአራት እየተቀባበሉ ዳገቱን አውጥተው መንገድ ላይ ያደርሱታል። ሻንጣዬ ቢጠፋ ሌላ ነጠላ አላጣም። የሚያነሣኝ ሳይኖር ግን ከቤቴ አልወጣም። ሦስተኛውን መረጥን።

ወኪሉ ቅጽ አወጣና «ባለፉት ሁለት ዓመታት ምን አመመዎት? የትስ ታከሙ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ተጠይቄ የምናገረው ለንስሐ አባቴ እንደለመድሁት ነው፤ አንድ ሳላስቀር። የደም ግፊት ክኒኔን ነገርሁት። ጉልበቴን ሲያመኝ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወርጄ ሰባት ቀን መሰንበቴን ነገርሁት። ገሳይ ከተማ ላይ ከባጃጅ ስወርድ ወገቤ ተቀጭቶ ወጌሻ እንዳሸኝ ነገርሁት። ወረቀቱን ሊያጥፍ ሲል ትዝ አለኝና «ቆይ፣ በዋግምትም ታግሜያለሁ» አልሁት።

«እማማ፣ ይበቃል! ይኸን ሁሉ እኮ አልጠየቅሁዎትም።»

«ያመመኝን ጠየቅኸኝ፤ ያመመኝን ነገርሁህ።»

የእኅቴ ተራ ደረሰ። «እኔ ደኅና ነኝ፤ ተመስገን፣ ምንም የለብኝም» አለች። የስኳር መድኃኒቷ ጭኗ ላይ ባስቀመጠችው ቦርሳ ውስጥ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጥኋት። አጥብቃ መልሳ ረገጠችኝ።

ከሳምንት በኋላ ውሉ መጣ። የእኅቴ ንጹሕ ነው። የእኔው ላይ «ከጉልበት፣ ከወገብ፣ ከአጥንትና ከመገጣጠሚያ ጋር በተያያዘ ከሚደርስ ማናቸውም ጉዳት በስተቀር» የሚል ተጨምሮበታል።

«ታዲያ ምኔ ቀረ? ጆሮዬ?» አልሁት ወኪሉን። «መርከቡ ውስጡ ሁሉ ደረጃ ነው አሉ። በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ስትወድቅ ጆሮዋ ነው የሚሰበረው?»

«አዲስ አበባ ያሉት ናቸው የወሰኑት፣ እማማ። ወንዛዬ ሰባት ቀን መሰንበትዎን ሆስፒታል እንደ መተኛት ቆጠሩት።»

«ፍል ውሃ መውረድ ሆስፒታል መተኛት ከሆነ ይኸ አገር በሙሉ ተኝቷላ!»

ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አዲስ ቅጽ ልስጥዎት፤ ወንዛዬንም ወጌሻውንም ይተዉዋቸው።»

ሊረዳኝ አስቦ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ውሸት የሚያስገባውን በር ከፍቶ እውነት የሚያስገባውን መዝጋት ምን ይሉታል? ቃሌን አላጥፍም ብዬው ወጣሁ። ደረጃውን ስንወርድ እኅቴ ክንዴን ያዘችኝና «እታለም፣ አንቺ እኮ ኢንሹራንሱን የንስሐ አባት አደረግሽው። ይኸው ቀኖና ሰጠሽ፤ ቻይው እንግዲህ» አለችኝ። በሌላ ቀን ብሆን ያስቀኝ ነበር።

ቤት ገብቼ መነጽሬን አደረግሁና ውሉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርሁት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አራተኛው ገጽ ላይ፣ ፊደሉ እጅግ ባነሰበት ቦታ፣ ሕመሙን እያወቀ የደበቀ ሰው በዚያው ሕመም ቢወድቅ ውሉ እንዳልነበረ ይቆጠራል ይላል። ደጋግሜ አነበብሁት። ለካ በእኅቴ የቀናሁት በባዶ ነው። ወረቀቷ ንጹሕ ነው፤ ስኳሯ ባሕር ላይ ቢወርድባት ግን የሚያነሣት የለም።

ጠርቼ ጮክ ብዬ አነበብሁላት።

«ማን ሊነግራቸው?» አለችኝ።

«ደምሽ ይነግራቸዋል። መርከቡ ላይ ሐኪም አለ።»

«ብነግራቸው ይከለክሉኛል። ከዚያ ፍጥሞን አንቺ ብቻሽን ታያለሽ፤ እኔ ወሬሽን እሰማለሁ።» ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔ ብልጠት ይመስለኝ ነበር፤ ፍርሃት ነበር።

«ያላንቺ አልሄድም» አልኋት። «ግን ቃሬዛ የሚሸከም ሰው የሚሸከመውን ማወቅ አለበት። ተሸካሚዎቹም ደግሞ ትናንት ታሞ ነበር ብለው ሰው ጥለው አይሄዱም። ሁለቱንም ጽፌ እጠይቃለሁ።»

ፍርድ ቤቱ አጥር ሥር አቤቱታ የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ የእነሱ ጽሑፍ ያምራል። እኔ ግን የራሴን ጉልበት ራሴ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ደብተር ገዛሁ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድሁ። በአራተኛው እንዲህ አልሁ፤ «እኔ የተናገርሁት ስለጠየቃችሁኝ ነው። እውነት የተናገረ የሚቀነስበት፣ የደበቀ የሚሞላለት ከሆነ፣ ሰዉን ውሸት የምታስተምሩት እናንተ ናችሁ። የቆየ ሕመሜን ክፈሉልኝ አላልሁም። ነገ ብወድቅ የምወድቀው ግን በአዲስ መውደቅ ነው። እኅቴ ደግሞ የስኳር ሕመም አለባት፤ ይኸው ራሷ ፈርማ ነግራችኋለች።»

እኅቴ ፈረመች። «ካስቀሩኝ አልምርሽም» እያለች ነው የፈረመችው። ሁለታችንም ሐኪም ዘንድ ሄድን። የእሷ ስኳር በመድኃኒት ተይዞ ይገኛል፤ የእኔ ጉልበት ስብራት የለበትም፣ ከዕድሜ ጋር የመጣ ነው ብሎ ጻፈልን። ወረቀቶቹን ከደብዳቤዬ ጋር አያይዤ ለወኪሉ ሰጠሁት። አነበበውና ራሱን እያከከ «ልልከው ነው እንግዲህ፤ እኔንም ሳይቆጡኝ አይቀሩም» አለ።

ሦስት ሳምንት መልስ የለም። ልጄ ደወለች። «እማዬ፣ ቀኑ ደረሰ እኮ። ከሌላ ቦታ ልግዛላችሁ?»

«ሌላው ቦታም ቅጽ አለው፤ እኔም እዚያው እውነቱን ነው የምናገረው። ትንሽ ጠብቂ።» እንዲህ ብላትም ሰግቼ ነበር። ስንቁ ተሰናድቷል፤ እኅቴ አዲሱን ቀሚሷን ለሁሉም ጎረቤት አሳይታለች።

በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ወኪሉ ጠራን። አዲስ አበባ ያለችው የክፍሉ ኃላፊ ራሷ ልታናግረን ትፈልጋለች ብሎ ስልኩን ድምፁ ለሁላችን እንዲሰማ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። መጀመሪያ እኅቴን አነጋገረቻት። መድኃኒቷንና የሐኪሙን ወረቀት ከእጇ እስካልለየች ድረስ ስኳሯም ጭምር ሽፋን አለው አለቻት። እኅቴ ወንበሩን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ ነበር፤ ያን ጊዜ ለቀቀችው። ቀጥላ እኔን ጠራችኝ።

«እማማ፣ ወንዛዬን ሆስፒታል አድርገን መቁጠራችን ስሕተት ነው፤ ሰርዘነዋል። የቆየው የጉልበት ሕመምዎ ቢነሣብዎት ማስታገሻውን አንከፍልም፤ እሱ አልተለወጠም። ወድቀው ቢጎዱ ግን፣ ጉልበትም ይሁን ወገብ፣ ባሕር ላይም ቢሆኑ ካሉበት መጥተን እናነሣዎታለን።»