ሳልለካ የለጠፍኩት

ሥራ የጀመርኩ ቀን አሠሪዬ ጋሽ ውበቱ አንድ የሞተ ስልክ ሰጡኝና "ምን ሆኗል?" አሉኝ። አገላብጬ አየሁት። "ባትሪው ይመስለኛል" አልኳቸው። ስልኩን ከእጄ ወስደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። "ይመስለኛል የሚል ሰው ጠንቋይ ቤት ይክፈት። እዚህ ይለካል።"

ከዚያ ቴስተሩን አሳዩኝ። ቀዩ ገመድ በመደመሪያው፣ ጥቁሩ በመቀነሻው። ባትሪው አራት ቮልት ገደማ አሳየ፤ ደኅና ነበር። የሞተው የመክፈቻው ቁልፍ ነው። "አየሽ፣ ይሄን ባትሪ በከንቱ ልትቀብሪው ነበር" አሉኝ።

ጋሽ ውበቱ ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ባለች ባለ አንድ በር ሱቅ ዕድሜያቸውን ሙሉ ራዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ነበሩ። ራዲዮ የሚያመጣ ሰው ሲጠፋ ወደ ስልክ ዞሩ። ዓይናቸው ስለደከመ ግን ብሎኑን የሚያይላቸው ሰው አስፈለጋቸው። እኔ ጥልፍ ጠላፊ ነበርኩ። "መርፌ ላይ ክር የምታስገባ ሴት ብሎን አይጠፋትም" ብለው ቀጠሩኝ።

ደንበኞች ግን አልለመዱኝም። አንዱ ገብቶ ዙሪያውን ቃኘና "ጠጋኙ የለም?" አለ።

"እኔ ነኝ" አልኩት።

"አይ፣ ወንዱን ማለቴ ነው።"

ጋሽ ውበቱ ከጥግ ሆነው "ወንዱ እኔ ነኝ፤ ግን አላይም" አሉት። ሰውዬው ስልኩን ለእኔ ሰጠኝ።

በዚህ ሥራ ማዕረግ የሚታወቀው በያዝከው ዕቃ ነው። መጀመሪያ የጥርስ ብሩሽና አልኮል ተሰጠኝ፤ ውኃ የገባበት ቦርድ አጸዳለሁ። ቀጥሎ ካቻቢቴ ያዝኩ፤ ስክሪንና ማይክ እቀይራለሁ። ቆርቆሮ የሚያቀልጠውን ካውያ የያዝኩት በሁለተኛው ዓመት ነው። ቴስተሩን ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማንም ከእጄ አልወሰደውም። ጋሽ ውበቱ ሥራ ሲያቆሙ ሱቁን ለእኔ ለቀቁ። ቴስተሩንም ትተውልኝ ሄዱ።

ሱቁን ብቻዬን ስይዝ አንድ ነገር ገባኝ። ሰው ስልኩን ለጥገና ብቻ አያመጣም። ሕመሙንም ይዞ ይመጣል። ወገቡን ያመመው፣ እንቅልፍ ያጣው፣ ሚስቱ የተቆጣችው ሁሉ ስልኩን ከሶ ነው የሚገባው። እኔ ዳኛ ሆንኩ፤ ተከሳሹ ደግሞ ሁልጊዜ ዝም ይላል።

አያ ካሴ የሚባሉ የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ አንድ ቀን ስልካቸውን ክዳኑ በተከደነ የወተት ዱቄት ጣሳ ይዘው መጡ።

"አይደወልልኝም" አሉ።

"ምነው አያ ካሴ፣ ስልክ ጣሳ ውስጥ?"

"ጨረሩ እንዳይወጣ ነው፣ እታለም። ራስ ያዞራል አሉ።"

"ጥሪውስ በየት ይግባ?"

ትንሽ አሰቡ። "እሱማ አልገባም። ለዚህ አይደል ካንቺ ዘንድ የመጣሁት?"

ስልኩን ከጣሳው አወጣሁና ከሌላ ስልክ ደወልኩበት። ጮኸ። አያ ካሴ "እጅሽ ሸጋ ነው!" ብለው መረቁኝ። ከዚያ ስልኩን መልሰው ጣሳው ውስጥ ከተው፣ ከድነው፣ ወደ መኪና ተራ ሄዱ።

የተማረውም ከአያ ካሴ የሚለየው ጣሳ ባለመያዙ ነው። ከረባት ያሰረ አንድ የቢሮ ሰው ጆሮው እንደሚያቃጥለው ነገረኝ። ስለ ጨረር ብዙ አንብቧል፤ የሚያነበውም በዚያው ስልክ ነው። "በቀን ምን ያህል ያወራሉ?" አልኩት። "ብዙም አይደለም፤ ከምሳ በኋላ ጀምሮ እስከ መውጫ ሰዓት ነው" አለኝ። ባለጉዳይ ምን ያህል እንደሚጠብቅ ያን ቀን ገባኝ።

የጨረር መከላከያዋ በዚያው ሰሞን መጣች። የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል፣ ወርቃማ፣ ከስልኩ ጀርባ የምትለጠፍ ነገር ናት። አንድ ነጋዴ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፋት። ጨረሩን መጥጣ ታስቀራለች አለኝ። በቴስተሩ ሁለቱን ጫፎቿን ነካሁ። ቴስተሩ ዝም አለ። በምላጭ ፋቅኳት። ቀለም የተቀባች ፕላስቲክ ነበረች። ለነጋዴው መለስኩለት።

በማግስቱ አንዲት ደንበኛ ጠየቀችኝ። ምንም እንደማትሠራ ነገርኳት። "ስለሌለሽ ነው" አለችኝ። ሁለተኛው "የጎረቤትሽን ገበያ ለማጥፋት ነው" አለኝ። ሦስተኛው ሊጠገን የመጣውን ስልክ ይዞ ወጣ። በአራተኛው ነጋዴውን ጠራሁት።

እውነቱን ልናገር። እያወቅኩ ለጠፍኩ። የለጠፍኩትም ሰው ስለሚያርፍ ነው። ስትለጠፍለት ዝም ይላል፤ አመስግኖ ይሄዳል። ያቺ ፕላስቲክ የምታቆመው ጨረር ሳይሆን ወሬ ነበር። አንዱማ ገና ስለጥፍለት ራሱን ዳሰስ አድርጎ "ወዲያው ቀለለኝ!" አለ። ስልኩ ጠረጴዛዬ ላይ ባትሪው ወጥቶ ተኝቶ ነበር።

ማታ ቤት ስገባ ይህን ሁሉ ለባለቤቴ ለይትባረክ እነግረዋለሁ። ይትባረክ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ሳቅ ይወዳል። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ "አለሜ፣ ዛሬ ስንት ሰው ፈወስሽ?" ይለኛል። "ሦስት" እለዋለሁ፤ "አንዱ ባትሪ የሌለው።" ሆዱን ይዞ ይስቃል። ለዓመታት እራታችን ይህ ነበር።

ከዚያ ይትባረክን ራሱን ያመው ጀመር። ጠዋት ሲነሳ ማጅራቱን ይይዛል። መጀመሪያ ቾኩን ከሰሰ፤ ቀጥሎ ተማሪዎቹን። ከዚያ የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ያሉ ባልደረቦቹ ፈረዱ፤ ስልክ ነው አሉት። በስልክ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ተወያይተው ነው የፈረዱት።

ይትባረክ አመነ። ስልኩን ከጆሮው አራቀ። በስፒከር ብቻ ያወራ ጀመር፤ ሰፈሩ በሙሉ የእህቱን የመሬት ክርክር ተከታተለ። ጎረቤታችን አንድ ቀን በአጥር አሻግራ "ጋሼ፣ እህትዎ ትላንት የነገረችዎትን ምስክር አይመኑት" አለችው። ቤት ሲገባ ስልኩን ባዶ እንስራ ውስጥ ያስቀምጠዋል። እንስራው ሲጮህ እኔ እስቃለሁ። እሱ አልሳቀም።

"ሐኪም ቤት እንሂድ" አልኩት።

"ሐኪም ቤት ጤነኛ ገብቶ ጤነኛ የወጣ ሰው አሳዪኝ። አንድ ነገር ሳያገኙብህ አይለቁህም።"

ይህን ያለኝ ሦስት ጊዜ ነው። ሦስቱንም ጊዜ ስቄ ተውኩት። መግፋት ይገባኝ ነበር።

የክረምቱ ዕረፍት ላይ ደጋ አገር ኮሶዬ የምትኖረው እህቱ ዘንድ ሄድን። ስልኩን አጥፍቶ ሱቄ መሳቢያ ውስጥ ተወው። ከእርሱ እስክርቅ ጤናዬ አይመለስም አለ። አራት ቀን ስልክ ሳይነካ ቆየ። አራቱንም ቀን ራሱን አመመው። ሦስተኛው ቀን ጠዋት ደጁ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ማጅራቱን ይዞ አገኘሁት።

"አሁንስ ማንን ልትከስ ነው?" አልኩት።

"የኮሶዬ ብርድ ነው" አለኝ።

"እንዲያ ነው" አልኩት።

ስልክ ጠጋኝ ባልደረቦቼ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ስልክ ሲበላሽ የጠረጠርነውን ክፍል እናወጣለን። ክፍሉ ወጥቶም ብልሽቱ ካለ፣ ያ ክፍል ነፃ ነው፤ ሌላ ቦታ እንፈልጋለን። ይህን ሱቄ ለሚመጡ ተለማማጆች ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አራት ቀን ሙሉ የተጠረጠረው ክፍል ወጥቶ ብልሽቱ ዓይኔ ሥር ተቀምጦ ነበር። እኔ ስለ ብርድ ተስማማሁ።

ጎንደር በተመለስን ሳምንት ሱቄ መጣ። ሰው ሞልቶብኝ ነበር። ስልኩን በሰዎቹ ትከሻ መሐል አሳልፎ ዘረጋልኝ።

"ለጥፊልኝ።"

"አንተ ደግሞ! ምን እንደሆነች ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ። ግን ሰው ሁሉ ተሻለኝ ይላል። እኔ ምነው ይቅርብኝ?"

ቀልድ መሰለኝ። ፊቱን ግን አየሁት፤ ደክሞታል። ተራ የሚጠብቁትም አጉረመረሙ። ትልቋን መርጬ ለጠፍኩለት። "እጅሽ ሸጋ ነው" አለኝ፣ የአያ ካሴን ድምፅ አስመስሎ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ቀን በኋላ ራሴን አመመኝ ብሎኝ አያውቅም። "እንዴት ነው ራስህ?" ስለው "ቀሎኛል" ይለኛል። እኔም አንድ ደንበኛ ቀነሰልኝ ብዬ አረፍኩ። ይትባረክም እንደ ሌሎቹ ደንበኞቼ ዝም አለ።

መስከረም ላይ አንድ ጠዋት ሰሌዳ ላይ ካርታ እየሣለ ወደቀ። ከሱቅ ጠርተውኝ ሐኪም ቤት ስደርስ ግማሽ ፊቱ አይታዘዝም ነበር። አንዲት ወጣት ሐኪም ወደ ኮሪደሩ አወጣችኝ።

"ባለቤትዎ የደም ግፊታቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የተለኩት መቼ ነው?"

ዞሬ ይትባረክ ወደተኛበት ክፍል አየሁ።

"ተለክተው ያውቃሉ?"

"አላውቅም" አልኳት። ጣቶቼ ላይ የአልኮል ሽታ ነበር፤ ያን ጠዋት ሰባት ባትሪ ለክቼ ነበር።

ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል አለችኝ። ግፊቱ ከፍ ካለ ቆይቷል። ብዙ ሰው ምንም ሳይሰማው ይኖራል፤ የሚሰማውም አለ። ለመለካት ክንድ ላይ መጠቅለያ ማሰርና ጥቂት ደቂቃ መቀመጥ ይበቃል። በሁለተኛው ቀን አረፈ።

ለቅሶው ላይ የሆነውን ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ድንኳኑ ውስጥ ስልክ ገደለው ተባለ። አንዱ የባልደረባው ወንድም፣ "ሚስቱ ቤት ውስጥ ስልክ ስታከማች ጨረሩ የት ይሄዳል?" ሲል ጆሮዬ ሰማ። የራሱ ስልክ ጠራ። አነሳው፤ "ድንኳን ነኝ፤ ቆይቼ እደውላለሁ" አለ፤ እዚያው ተቀምጦ ግን ስለ ቆርቆሮ ዋጋ እስከ ንፍሮው ድረስ አወራ። በዚያ ቀን እንደዚያ ድንኳን ጨረር የበዛበት ቦታ ጎንደር ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

የጎዳኝ ግን ይህ አልነበረም። የትምህርት ቤት ጓደኛው መምህር አዳነ አጠገቤ ተቀመጠ። ይትባረክ እስከ መጨረሻው ሳምንት ራሱን ያመው እንደነበር ነገረኝ። አዳነ "ለአለምነሽ ንገራት" ሲለው፣ "ተዋት፤ በእጇ የለጠፈችልኝ ነው። አልሠራም ብላት ታዝናለች" ብሎታል።

ዐርባው እስኪወጣ ሱቁን አልከፈትኩም። ከፍቼ መጀመሪያ ያደረግሁት የቀሩትን ወርቃማ ፕላስቲኮች ካውያው ላይ ማቅለጥ ነው። ክፉኛ ሸተቱ። ጨረር አልወጣባቸውም።

ባለፈው የገበያ ቀን አያ ካሴ መጡ። ጣሳቸውን ይዘዋል። ሚስታቸው እትዬ ጥሩዬ ከኋላ ተከትለዋል፤ ሻሻቸውን ግንባራቸው ላይ አጥብቀው አሥረዋል።

"እሷንም ራሷን ይዟታል፣ እታለም። ያቺን ወርቅ ለጥፊላት።"

"የለኝም።"

"ምነው? ለሰው ሁሉ ለጥፈሽ ለእኛ ስትደርሺ?"

"እትዬ ጥሩዬ ስልክ አላቸው እንዴ?"

አያ ካሴ ወደ ሚስታቸው ዞረው አዩ። "የላትም። የእኔው ጨረር ነው የሚደርሳት።"

በሌላ ጊዜ ይህን ለይትባረክ የእራት ወሬ ብዬ እይዘው ነበር። ሱቁን ቆለፍኩ። እትዬ ጥሩዬን ክንዳቸውን ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ፤ ከፊት ለፊት ጤና ጣቢያ አለ። አያ ካሴ እያጉረመረሙ ተከተሉን። ነርሷ ክንዳቸውን አሥራ ለካች። ቁጥሩን አይታ እንደገና ለካች። ከዚያ ሐኪም ጠራች። ኪኒን ተሰጣቸው፤ በየጊዜው ተመልሰው እንዲለኩም ቀጠሮ ተያዘላቸው።

ስንወጣ አያ ካሴ ጠጋ ብለው "ለኪኒኑ ማገዣ እንኳ አንዲት ብትለጥፊ ምን አለበት?" አሉኝ። በቀጠሮው ቀን እትዬ ጥሩዬን ካላመጧቸው ስልካቸውን በጭራሽ እንደማልጠግን ነገርኳቸው። ፈሩ። ከጨረሩ በላይ ፈሩኝ።

ይትባረክ ቢኖር ማታ "ዛሬ ስንት ሰው ፈወስሽ?" ይለኝ ነበር። ማንንም አልፈወስኩም፤ አንድ ሰው አስለካሁ።

ስልክ ጤና ይጎዳል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። አላውቅም። ያንን የሚያጠኑ ሰዎች አሉ፤ እነሱ ይንገሯችሁ። የይትባረክ ስልክ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ የለጠፍኩበትንም አልላጥኩም። በሥራዬ ዘመን የተማርኩት አንድ ነገር ነው፤ እሱንም ጋሽ ውበቱ በመጀመሪያው ቀን ነግረውኝ ነበር። መጀመሪያ ይለካል።