የጀሪካኖቹ ሰልፍ

አክስቴ የሰው ስም አይያዝላትም። ሰውን የምታውቀው በጀሪካኑ ነው። የሠፈራችንን አስተማሪ «ጨርቅ ክዳን» ትለዋለች፤ ጫማ ሰፊውን «እጀታ የለሹ»፤ ልብስ ሰፊዋን ደግሞ ጀሪካኗ ሰማያዊ ስለሆነ «ሰማያዊት»። አንድ ቀን አስተማሪውን ተማሪዎቹ መሃል አግኝታው «ጨርቅ ክዳን፣ ደህና ዋልክ ወይ?» ስላለችው ልጆቹ እስካሁን ከኋላው የሚጠሩት በዚሁ ነው።

ሥራዋ የጀሪካን ሰልፍ መጠበቅ ነበር ማለት ይቻላል፣ ደሞዝ የለውም እንጂ። የሠፈራችን ቦኖ ከደረቀ ወዲህ ውሃ የሚያመጣልን ቦቴ መኪና ነው። ቦቴው ደግሞ ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይቀራል። ቆሞ የጠበቀ ሰው ሥራውን ያጣል፤ ሥራ የሄደ ሰው ውሃውን ያጣል። ስለዚህ በእኛ ፈንታ ጀሪካኖቻችን ይሰለፉ ጀመር። ጠዋት ጀሪካንህን ቦኖው ጋ ከመጨረሻው ኋላ ታስቀምጥና ትሄዳለህ። ቦቴው ከላይኛው መንገድ ላይ ጥሩምባውን ሲነፋ ካለህበት ሮጠህ ትመጣለህ፤ ቦታህ እዚያው ይጠብቅሃል። ታመህ ብትቀር እንኳ ጎረቤት ይሞላልሃል። የሰው ጀሪካን በእጅ መንካት ነውር ነው። ሰልፉን የምታጠጋጋው አክስቴ ብቻ ናት፣ እሷም በእግሯ እየገፋች ነው። በእጅ ያነሱት ነገር ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም ትላለች።

ማን ሾማት? ማንም። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የጤና ጣቢያ ወለል ስትወለውል ነው የኖረችው። ካርድ ክፍሉ በር ላይ ሰው ሲጋፋ መወልወያዋን አግድማ «እሳቸው ነበሩ የቀደሙት» ማለት ያኔ ጀመረች፣ ልምዱም አልለቃት አለ። ቁጡ ናት፣ ሐሜት ትወዳለች፣ ተፈላጊ መሆንም ትወዳለች፤ ማንም ምንም ሳይጠይቃት የዋለችበት ቀን ያማታል። ግን የእናቴ ታናሽ እህት ሆና እንኳ አንድም ቀን የእኛን ጀሪካን ወደ ፊት ገፍታልን አታውቅም። እናቴ በዚህ ትበሽቅ ነበር፣ እኔ ግን እኮራባት ነበር። መንግሥት ማለት ምንድነው ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር ያንን ሰልፍ ነበር የማሳየው። እኛ ሠፈር በቅጡ የሚሠራ መንግሥት እሱ ብቻ ነበር።

ከዚያ ደህንነት የሚባል ነገር መጣብን።

መሃል ከተማ አንድ ቦታ፣ ባለቤት የሌለው ሻንጣ ውስጥ ፈንጂ ተገኘ ተባለ። በዓይኑ ያየ ሰው አላጋጠመኝም። ብዙም ሳይቆይ ባለቤቱ አጠገቡ ያልቆመ ዕቃ መንገድ ዳር እንዳይቀመጥ የሚል መመሪያ ወጣ፤ ሠፈራችን መግቢያ ላይም የጥበቃ ኬላ ተተከለ። የኬላውን አዛዥ «ሻለቃ» እንለዋለን። እውነተኛ ማዕረጉን ደፍሮ የጠየቀው የለም፣ አነጋገሩ ግን ከሻለቃ በታች አይሆንም።

አንድ ጠዋት ሻለቃ ሰዎቹን አስከትሎ ወርዶ ሰልፉ ፊት ቆመ። የምሠራበት የብየዳ ቤት ከቦኖው ፊት ለፊት ስለሆነ ሥራዬን አቁሜ ማየት ጀመርኩ።

«ይኼ ሁሉ የማነው?» አለ።

«የሰው ነዋ» አለች አክስቴ።

«ሰዎቹስ የታሉ?»

«ሥራ ላይ ናቸው። ልጄ፣ እነዚህ ባለቤት አላቸው። ደስ ያለህን አንሳና ጠይቀኝ፣ የማን እንደሆነ እነግርሃለሁ።»

«አንቺን አልጠየቅኩም። አጠገቡ ያልቆመ ባለቤት አይባልም። መመሪያው እንደዛ ነው።»

«ባዶ ጀሪካን ምኑ ይፈነዳል? ውሃ ስናጣ የምንፈነዳው እኛ ነን እንጂ!»

ከጥበቃዎቹ ሁለቱ ሳቅ አመለጣቸው። ሻለቃ አልሳቀም። «ለደህንነታችሁ ነው» አለና በእጁ ምልክት ሰጠ። ጥበቃዎቹ ጀሪካኖቹን እያነሱ የቦኖው አጥር ጥግ ወረወሯቸው። አክስቴ አንዱን ስታድን ሌላው ይሄዳል፣ ወደዚያ ስትዞር ያዳነችው ይሄዳል። ወዲያው ያ ሰልፍ ክምር ሆነ። ደሜ ፈላ፤ ግን ምን ላድርግ፣ መሣሪያ ይዘዋል።

የባሰው ገና ነበር። ክምሩ ሳይረጋ ቦቴው ጥሩምባውን ነፋ።

ያን ሰሞን ቦቴው ጠፍቶ ነበር የከረመው። የሁሉም ቤት ደርቋል። እኛ ቤት እህቴ አራስ ናት፤ እናቴ የሕፃኑን ጨርቅ ሳታጥብ ፀሐይ ላይ እያሰጣች መልሳ በዚያው ትጠቀልለው ነበር። ያን ቀን ውሃ ካላገኘን ምን እንደምንሆን አላውቅም፤ የሌላውም ቤት ከእኛ አይሻልም። እናም ሁሉም ሮጠ። አስተማሪው ጠመኔ በእጁ እንደያዘ፣ ጫማ ሰፊው ክሩን በጥርሱ እንደነከሰ፣ እናቴ በአንድ እግር ጫማ መጡ። ቦታቸውን ሊይዙ መጡ፣ ቦታ ግን የለም። ክምሩ ላይ ተረባረቡ። «ይኼ የኔ ነው!» «እኔ ነኝ ፊተኛ!» ሁሉም ፊተኛ ነበር። ትናንት ሰላም ሲባባሉ ያየኋቸው ሰዎች በአንድ እጀታ ተናነቁ።

ልብስ ሰፊዋ ክምሩ ሥር ወደቀችና ሰው ረገጣት። እሷን ጎትቼ ለማውጣት ስገባ ጥበቃዎቹ ዱላቸውን አነሱ። አንዱ ልጅ እግር ጥበቃ፣ ደንግጦ ይመስለኛል፣ ጠመንጃውን አቀባበለ። ያ ድምፅ ከዚያ ሁሉ ጩኸት በላይ ተሰማኝ። ሾፌሩም በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «እንዲህማ ከሆነ እመለሳለሁ!» አለና መኪናውን ወደ ኋላ ማስኬድ ጀመረ።

ሻለቃ አክስቴን የፈለጋት ያኔ ነው። ጠዋት «አንቺ» ሲላት የነበረው ሰውዬ አሁን አንቱ አላት።

«እናቴ፣ እርስዎን ይሰማሉ። ያሰልፉልኝ።»

«አንተ አይደለህ እንዴ ያፈረስከው?»

«አሁን እሱን እንተወው። ይኼን ይልበሱና ሕጋዊ ይሁኑ።» አንጸባራቂ ሰደርያና ፊሽካ ዘረጋላት። «አንድ ነገር ብቻ፣ የኬላው ዕቃ ይቀድማል።»

«ምንድነው ዕቃው?»

«ጀሪካኖቹና በርሜሉ።»

«በርሜሉም?»

«በርሜሉም። አለዚያ ቦቴው ይሂድ፤ እኔም ሰዉን በራሴ መንገድ እበትናለሁ።»

አክስቴ ወደ እኛ ዞረች። እናቴ ራሷን ግራና ቀኝ ነቀነቀች፣ አትልበሺው ማለቷ ነው። አክስቴ አቀባብሎ የቆመውን ልጅ አየችው። ከንፈሩ ደርቋል፣ ጣቱ ምላጩ ላይ ነው። ከዚያ ሰደርያውን አጠለቀች። ፊሽካውን ስትነፋ ፊቷ ላይ ትንሽ ደስታ ያየሁ መሰለኝ። እኔ ግን አልወቅሳትም፤ ዕድሜ ልኳን ማንም ሳይሾማት የኖረች ሴት ናት።

ሰዉ ተሰለፈ። አክስቴ የጠዋቱን ቅደም ተከተል የቻለችውን ያህል እያስታወሰች ጠራች። አንዳንዱ አጉረመረመ፣ ግን ሁሉም ጠመንጃውን እያየ ተራውን ያዘ። በርሜሉ ቀድሞ ተሞላ። ያ በርሜል የሚሞላ አይመስልም ነበር። ከዚያ የእኛ ተራ ቶሎ ደረሰ። እውነቴን ነው፣ እናቴ ያን ቀን ማልዳ ነበር ያስቀመጠችው፣ ጀሪካናችን ፊት ላይ ሆኖ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሞላንና ወሰድን። ቦቴው ልብስ ሰፊዋ ጋ ሳይደርስ አለቀ።

ልብስ ሰፊዋ ክርኗ እየደማ፣ ባዶ ጀሪካኗን አንጠልጥላ አክስቴ ፊት ቆመች።

«እትዬ፣ የእህትሽ ጀሪካን ከኔ ይቀድም ነበር?»

«ይቀድም ነበር። እናቴ ትሙት!»

«ይኼን ልብስ ሳትለብሺ ብትነግሪኝ አምንሽ ነበር» አለችና ሄደች።

ሲመሽ አክስቴ እኛ ቤት መጣች። እህቴ ሕፃኑን ባመጣነው ውሃ እያጠበች ነበር።

«ማንም አልሞተም» አለች አክስቴ፣ ገና ሳትቀመጥ።

«አውቃለሁ» አለች እናቴ።

«አቀባብሎ ነበር እኮ! አይተሽዋል።»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ ኖሯል? እስቲ ንገሪኝ!»

«አውቃለሁ አልኩሽ እኮ!» ብላ እናቴ ጮኸች። ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። አክስቴ ትክክል ነበረች፤ ዛሬም ትክክል ነበረች እላለሁ። አንጀቴን የሚያቃጥለኝም እሱ ነው።

አክስቴ በዚህ የምትበገር አይደለችም። ሰደርያውን ለብሳ ኬላው በር ላይ ተመላለሰች። ለመነች፣ ተቆጣች፣ ሻለቃን እስኪሰለቸው ነዘነዘችው። ልብሱን ከለበስኩ አይቀር ሰልፌን ላስመልስበት ብላ ነው። ተሳካላትም። ጀሪካኖቹ እንደ ድሮው ብቻቸውን እንዲሰለፉ፣ ለእነሱም እሷ ተጠያቂ እንድትሆን ተፈቀደ። በርሜሉ ሳይቀር ከሰዉ ኋላ ይሞላ ተባለ። በማግስቱ ጠዋት ቦኖው ጋ ቆማ ሰዉ ሲመጣ ድምጿን ከፍ አድርጋ «አስፈቅጃለሁ! ማንም አይነካውም! አስቀምጡና ወደ ሥራችሁ ሂዱ!» ትል ነበር። ደስታዋ ከሩቅ ያስታውቃል።

ሰዉ ጀሪካኑን አስቀመጠ። ግን አልሄደም። አስተማሪው ጀሪካኑን አጋድሞ ተቀመጠበት። ጫማ ሰፊው የሥራ ሳጥኑን ተሸክሞ መጥቶ ከጀሪካኑ ሳይነሳ ሶል መስፋት ጀመረ። ማንም ክፉ ቃል አልተናገራትም። «እንዴት አደርሽ» ይሏታል፣ «እግዜር ይመስገን» ትላለች፣ እነሱ ግን ንቅንቅ አይሉም። ያን ቀን አንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ያለ አስተማሪ ዋለ፣ የእኛም ብየዳ ቤት ያለ እኔ።

ማለዳ የቀሰቀሰችኝ እናቴ ናት። «ዛሬ ሥራ ይቅርብህ፣ ሂድና ጀሪካኑ ላይ ተቀመጥ» አለችኝ።

«አክስቴ እያለች?» ስላት ፊቷን አዞረች።

«ቤት ውስጥ አራስ አለች» አለችኝ።

አክስቴ ሰልፉን ተከትላ እያየች ስትወርድ እኔ ጋ ደረሰች።

«አንተም?»

«እማዬ ናት» አልኳት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ፊሽካውን ከአንገቷ አውልቃ ኪሷ ከተተችና ወደ ቤቷ ወጣች። ትንሽ ቆይታ የራሷን ጀሪካን ይዛ ተመለሰች። ከመጨረሻው ሰው ኋላ አስቀመጠችውና እሷም ተቀመጠችበት።

ልብስ ሰፊዋ አርፍዳ መጣች። ክርኗ ገና አልዳነም። የሰልፉን ጫፍ እየፈለገች «መጨረሻ ማነው?» ብላ ጠየቀች።

«እኔ ነኝ» አለች አክስቴ።