ከአረንጓዴው በላይ የወጣው ቢጫ

የአክስቴ አርባ ወጣ፤ የእኔ ንዴት ግን አልወጣልኝም።

አክስቴ በናዝሬት ባቡር ጣቢያ ሠፈር ክርና የመሶብ አክርማ በማቅለም ይታወቁ ነበር። አዲስ ቅጠል ሲያገኙ ወቅጠው በጠንካራ አረቄ ይዘፈዝፉታል። ከዚያ የስኳር መጠቅለያ ወረቀት በቀጭኑ ቀደው ጫፉን ብቻ ያስነኩታል። አረቄው ቀለሙን ይዞ ቀስ እያለ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ጥቂት ቆይቶ አረንጓዴው ወደ ኋላ ይቀርና ከበላዩ ቢጫ መስመር ብቅ ይላል። ይሄኔ ኦሮምኛ ቀላቅለው ይጠሩኛል።

“ኮቱ፣ ነይ እይው ልጄ! አረንጓዴ ነኝ ይላል እንጂ ብቻውን እኮ አይደለም።”

የደረቁትን ወረቀቶች፣ የወይራውን ከወይራ ቅጠል፣ የጉሎውን ከጉሎ ቅጠል ጋር እየሰፉ ግድግዳው ላይ ይሰቅሏቸው ነበር።

በሣልስታቸው ማግስት ታላቅ ወንድማቸው ሁሉንም አውርደው እሳት ውስጥ ጨመሩት።

“ጋሼ፣ ምን ማድረግዎ ነው?” ብዬ ጮኽኩ።

“የመተት ወረቀት ቤት ውስጥ አይቀመጥም።”

“ምን መተት አለው፣ ቅጠል ነው! አንድ ቀን እንኳ ገብተው አይተውት ያውቃሉ?”

“አንቺንም አበላሽታሻለች” አሉና ቀሪውን ጨመሩበት።

ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ጎረቤቶች ቆመው ያያሉ። መሶባቸውን ያስዋቡላቸው አክስቴ ነበሩ። አንዳቸውም አፋቸውን አልከፈቱም።

አሁን ግድግዳው ላይ የቀሩት ምስማሮቹ ብቻ ናቸው። ጎረቤቶቹ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ “ነፍሳቸውን ይማርልን” ይሉኛል። ጸሎቱ ለአክስቴ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከእነሱ አፍ ሲወጣ ግን አሜን ማለት አቅቶኛል።